እርጥብ ቀለም ነው፣ በሩን አትንኩ

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ለባለቤቴ፣

በዚህ ከተማ እንደ እኔ አድርጎ የሚጽፍ ሰው የለም። አስተማሪያችን ደብተሬን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። እሺ፣ «በዚህ ከተማ» ያልኩት ትንሽ በዝቷል፤ «በዚህ መንገድ» በይው። በዚህ መንገድም ባለሱቁ አለ፣ ይጽፋል፣ የሱ ጽሑፍ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል። አስተማሪያችንም አፏን የያዘችው ሲያዛጋት ሊሆን ይችላል፤ የማታ ትምህርት ነው፣ ሁሉም ከሥራ ተንጠፍጥፎ ነው የሚመጣው። ብቻ ይኸው ጻፍኩ። እጄን የያዘ የለም፣ በትከሻዬ በኩል ያጮለቀ የለም።

እንዴት ሰነበትሽ? ያ የጀርባሽ ሕመም ለቀቀሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ከእህቴ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። አዎ፣ ባለፈው የላክሁልሽ አጭር ወረቀትም የራሴ እጅ ነው። «ማንን አስቸግረህ አስጻፍክ?» ብለሽ ስትመልሺ መጀመሪያ ከፋኝ፣ ቆይቶ ደስ አለኝ። ሰው የማይጠረጥረው ጽሑፍ ምን ጽሑፍ ነው! ስትሄጂ ምን ነበር ያልሽኝ? «ስልክ አላነሳም፤ በስልክ ትቀልድብኛለህ፣ አጠገብህም ሁሌ ጆሮውን የጣለ ዘመድ አለ። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈም አላነብም። የምትለኝ ካለ ራስህ ጻፈው።» እኔ ደግሞ የቀለም ጣሳን እንኳ ክዳኑ ላይ በፈሰሰው እንጂ በጽሑፉ የማልለይ ሰው። ሌላ ባል ቢሆን «አከተመ» ብሎ ይቀመጥ ነበር። ያንቺው ሄዶ ተመዘገበ።

ክፍላችን ቀን የሕፃናት፣ ማታ የእኛ ነው። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴና ጆሮዬ ሰላም ይባባላሉ። አጠገቤ የሚቀመጠው የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ አስተማሪዋ በጠራችው ቁጥር ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ይሰጣል። ሰሌዳው ነጣ ነጣ ብሎ ዓይኔን ስላስጠላው እኔው ጥቁር ቀለም አምጥቼ ቀባሁት። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዋ እኔን ስትጠራ ድምጿ ይለሰልሳል። ወይም ይመስለኛል።

ቤቱ ደህና ነው። የስፌት መኪናሽን በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ፣ አቧራ አይነካውም። ስለ መጋረጃሽ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። እትዬ ትመጣለች፣ ትሄዳለች፤ ያው ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። ቁልፉን እንድቀበላት ያልሽውን አልረሳሁም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እኔም ሥሩ ጋ ለመድረስ እየቆፈርኩ ነው። ቁፋሮ ጊዜ ይወስዳል።

ይህንን የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ረዳት ነው፤ መልሱንም እሱ ያመጣልኛል።

ባልሽ፣ ቀለም ቀቢው
(ፊርማዬን ልብ ብለሽ እይልኝ።)


ሐሙስ፣ አንሶላ ክፍል፣ ምሳ ሰዓት

ደብዳቤህ ደረሰኝ። እጅህ መሆኑን አመንኩ፤ እንዲህ አድርጎ ጉራ የሚነዛ ጸሐፊ ተከራይቶ አይገኝም። ስለ ጉልበትህና ስለ ጆሮህ ሳነብ ሳቅሁ። መሳቄን የምነግርህ እንድትኮራበት አይደለም። ሳቄን ይዘህ ከነገሩ እንዳታመልጥ ነው።

ጀርባዬ ደህና ነው። እዚህ ሥራው የተቀደደ አንሶላ መጣፍ ነው፤ የሆስፒታል አንሶላ ሁሌ መሃሉ ነው የሚሳሳው፣ ሰው የሚተኛበት ቦታ። መሃሉን ቀድጄ አውጥቼ ጠርዙን ወደ መሃል እሰፋዋለሁ። አጠገቤ የምትተኩሰዋ ሴት ብዙ አታወራም። የማንም ሚስት፣ የማንም ምራት ሳልሆን ውዬ እገባለሁ። እረፍት ነው።

ኃላፊዋ ጠይቃኛለች። ውሌ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ለአንድ ዓመት ላራዝም ወይስ ልሂድ? «አስቤ እነግርሻለሁ» ብያታለሁ። እመጣለሁ አላልኩህም፣ አልመጣምም አላልኩህም። የማስበው አንተ የምታደርገውን እያየሁ ነው።

ያልኩህን ደግሜ ልጻፈው፣ አሁን ማንበብ ስለቻልክ። ቁልፉ ከእህትህ እጅ ይውጣ። እኔ በሌለሁበት ቤቴ ውስጥ ዘመድ አይሰብሰብ። ስለ ሆዴም ሆነ ስለምሠራበት ቦታ ለማንም አታውራ። ሂድና ተጣላቸው አላልኩህም፤ «አይሆንም» በላቸው ነው ያልኩህ። አይሆንም ማለት ስድብ አይደለም።

ሌላም አለ። ደብዳቤህን አገላብጬ ፈለግሁ፤ ሰሌዳ አለ፣ ዘበኛ አለ፣ የተደረገብኝ ነገር ግን አንድም ቦታ የለም። እኔ ስለ ራሴ ነግሬህ ጠግቤአለሁ። አሁን አንተ ጻፈው። ስሙን ያልጠራኸውን ነገር እንዴት አድርገህ ትከለክላለህ?

መጋረጃዬ ምን ሆነ?


እሑድ፣ ከምሳ በኋላ

ለባለቤቴ፣

ስለ ጤናሽ ልጠይቅ ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ስለ አየሩ ጀምሬ ቀደድኩት። አንድ ጥሩ ቀልድ ጻፍኩ፣ በጣም ጥሩ ነበር፣ እሱንም ቀደድኩት። እንዲህ ያለ ሥራ ሰጥተሽኝ አታውቂም። እንግዲህ ልጻፈው።

ሆስፒታል ተኝተሽ ነበር። ስንጠብቀው የነበረው ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ወርዶብሽ። እኔ ቀን ቀን ሥራ ነበርኩ፣ ማታ ማታ አንቺ ዘንድ። እትዬ ለክፉ ቀን ብለን በሰጠናት ቁልፍ ቤታችንን ከፈተች። ዘመድ ሰበሰበች። አንዲት ሴት አምጥታ አንቺ ስትሰፊ የምትቀመጪበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። «ወንድሜ ዘር ሳይተካ አይቀርም፣ ይቺ ትወልድለታለች» አለች። አጎታችን ጋሼ ሹፌሩ መረቀ። ሐኪሙ ከተባለው ቀን ቀድሞ አስወጣሽና የልብስ ጥቅልሽን ይዘሽ ከች አልሽ። ከመቀመጫው የተነሳልሽ አልነበረም። ዞረሽ ወጣሽ። እኔ ከሥራ ስገባ ያገኘሁት ያልታጠበ ብርጭቆ ነው። ነገሩን የሰማሁት ከባለሱቁ ነው፤ ከሥጋዬ የነገረኝ የለም።

ይኸው። ቀልድ የለበትም። ወረቀቱ የረጠበው በእጄ ላብ ነው፣ ሌላ ነገር አይምሰልሽ።

አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ጥርስ አላወጣሁም ነበር። ያደግሁት እትዬ ጀርባ ላይ ነው። የሷን ጀርባ ከራሴ ሆድ በላይ አውቀዋለሁ። እሷ ፊት ቆሜ «አይሆንም» ልል አፌን ስከፍት ምላሴ ሳይታጠብ እንዳደረ ብሩሽ ድርቅ ይላል። ለባንክ ሥራ አስኪያጅ «ግድግዳህ ስቱኮ ሳይገባው አልቀባልህም» ያልኩ ሰው ነኝ! የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት የተገላቢጦሽ እኔ ነኝ፤ ውጭ ቀጋ፣ እህቴ ፊት አልጋ።

መጋረጃሽን «ቤቱ ብርሃን ያግኝ» ብላ አወረደችው። አሁን ያለው እሷ ቤት መስኮት ላይ ነው። ሳልፍ አየሁት። አበቦቹ በፀሐይ ሲታዩ ያምራሉ። ያምራሉ ስልሽ፣ ማለቴ፣ አናደደኝ።

ግን አትናደጂ፣ መላ መታሁ! መላው ሲመጣልኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ባለፈው ማክሰኞ «እንመጣለን፣ የምንነጋገረው አለ» ተባልኩ። እኔ ጠዋት ተነሳሁ፣ የፊት ለፊቱን በር በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፣ በአረንጓዴ የዘይት ቀለም ለቀለቅሁት፣ እጀታውን ሳይቀር። ከዚያ ካርቶን ቆርጬ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ «እርጥብ ቀለም ነው፣ በሩን አትንኩ።» ለሕዝብ የጻፍኩት የመጀመሪያው ጽሑፌ ነው። መጡ። እትዬ ነጭ ለብሳ ነበር። ጋሼ ሹፌሩ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። ቆሙ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ!

ከዚያ ወዲህ እንመጣለን ባሉ ቁጥር እቀባለሁ። አረንጓዴው ሊደርቅ ሲል ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሊደርቅ ሲል ቡናማ። ቁልፏ ምን ያደርግላታል? ቁልፍ መግቢያው ራሱ ቀለም ነው። እኔ የምገባው በወጥ ቤቱ መስኮት ነው። ትናንት አንድ እግሬን አስገብቼ አንዱ ውጭ እንዳለ ባለሱቁ አይቶኝ «ጎረቤት፣ እየተሰረቅህ ነው ወይስ እየሰረቅህ?» አለኝ። «ቤቴን እያስከበርኩ ነው» አልኩት። «በቂጥህ በኩል?» አለኝ። ይኼ ሰው መናገር ባይችል ጥሩ ነበር።

ታዲያስ? አንድም ሰው ቤትሽ አልገባም። ባልሽ እንዴት ነው?


ረቡዕ፣ አንሶላ ክፍል

የተደረገብኝን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። ያቺን ገጽ ለብቻዋ አጥፌ አስቀምጫታለሁ። የቀረውን ግን ሳነብ ደሜ ፈላ።

ቀለም ይደርቃል። ሲደርቅ ምን ልትል ነው? እኔ ሰው እንዲከለክልልኝ ነው የጠየቅሁት፤ አንተ በሩ እንዲከለክልልህ አደረግህ። እነሱ የተመለሱት ልብሳቸውን ፈርተው ነው፣ እኔን አክብረው አይደለም። በመስኮት የሚገባ ባል ደግሞ ጎረምሳ ሳለሁም አልተመኘሁም።

አሁን የምጽፍልህ በዚህ ብቻ አይደለም። ትናንት አጎትህ እዚህ መጣ።

የሆስፒታሉን ዘበኛ «የባሏ አባት ነኝ» ብሎት ገባ። አንሶላ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «የኔ ልጅ፣ አለመውለድ ወንጀል አይደለም፣ ማንም አላባረረሽም» አለኝ። «ባልሽ ይኸው አንቺን ብሎ ቤቱን ሲቀባ ይውላል፣ ተመለሺ» አለኝ። «ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ይሂዱልኝ» አልኩ። «ልጅ የእግዜር ነው፣ ትዳር ግን የዘመድ ነው» ብሎ ምክር ጀመረ። የምትተኩሰዋ ሴት ካውያውን አንሶላው ላይ እንደያዘች ፈዛ ቀረች፤ አንሶላው ተቃጠለ። እስከ ትናንት ስለ እኔ ምንም አታውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት «አይዞሽ» አለችኝ። «አይዞሽ» የማይለኝ አንድ ቦታ ነበረኝ፣ እሱም ሄደ።

የት እንዳለሁ ማን ነገረው? አንተና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

የውሉ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ኃላፊዋ ትቀበለኛለች። ከፈረምኩ አንድ ዓመት እዚሁ ነኝ፤ ከዚያ በኋላም «ተመለሺ» እንድትለኝ አልፈልግም።


ዓርብ፣ ሥራ ሳልገባ

ለባለቤቴ፣

እኔ ነኝ የነገርኩት። ሌላ ሰው የለም። በእግሬ መጥቼ እጅ ብነሳ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ስትሄጂ አትምጣ ብለሻል፣ ቢያንስ ይቺን አንዷን ልጠብቃት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። ጋሼ ሹፌሩ «መሰላል ልያዝልህ» ብሎ ሥራ ቦታ መጣ። መሰላሉም የራሱ ነው፣ አውሶኝ ነው፣ እሱን ታውቂያለሽ። እኔ ጣሪያ ስር ኮርኒስ እቀባለሁ፣ እሱ ከታች ይይዛል። «ሚስትህ መቼም የሆነ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ይሆናል፣ ምስኪን» አለኝ። አየሽ? እንደዚያ ነው ዓሣ የሚጠመደው! «ምን ማጠብ!» አልኩት ከላይ። «ሚስቴ የትልቁ ሆስፒታል አንሶላ በሙሉ በሷ እጅ ነው!» ያንቺ ስም ሲነካ ጉራዬ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። እሱ መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘልኝ። እኔ ምስኪን «ደግ ሰው» አልኩ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ቤቱ ሄድኩ። ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ።

«ጋሼ፣ ሆስፒታል ሄድክ?»

«ሄድኩ። ሽማግሌ ሆኜ።»

«ማን ላከህ?»

«ሽማግሌ ተልኮ ነው የሚሄደው ያለህ ማነው? ሽማግሌ ሲገባው ይሄዳል።»

«እሷ እኮ ሥራዋ ላይ ናት። ሰው ፊት ስለ ሆዷ ተናገርክ።»

«አጽናናኋት እንጂ! እኛ ባዕድ ነን እንዴ?»

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሚስቴ ካንተ ጋር አልናገርም።»

«መቼ ተናገርክ? እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

ይኼን ሰው ከምን ሠሩት? አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ወደ ኋላ መንዳት አያውቅም። በመጨረሻ ተነስቼ ቆምኩ። «ጋሼ፣ እሷ ራሷ እስክትጠራህ ድረስ ቤታችን አትምጣ፣ ሥራ ቦታዋም አትሂድ» አልኩት። እሱ ጫማውን አጠለቀ፣ ሥራ ቦታዬ ድረስ ከኋላዬ ተከተለኝ፣ መሰላሉን አጥፎ ትከሻው ላይ አድርጎ ይዞብኝ ሄደ። እኔ ኮርኒሱን ግማሽ ላይ ትቼ ከታች አንጋጥጬ ቀረሁ። አሠሪው መጥቶ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ «ድንበር አስከበርኩ» አልኩት። «ኮርኒሴንስ?» አለኝ።

የቀረውንም ልንገርሽ፣ ከሌላ ከምትሰሚው። እትዬ ቤት ተሰብስበው በእኔ ላይ መክረዋል። አንድ በር በየቀኑ የሚቀባ ሰው ጤነኛ አይደለም ተብሏል። እትዬም «በሩን ትተህ ራስህን አስመርምር» ብላ ልካብኛለች። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ያለው ሰው እውነቱን ነው፤ አመዱ ግን እኔ ነኝ፣ የሚንከባለሉብኝም እነሱ። አንቺን ሲያስለቅሱ ያላማከሩኝ ሰዎች አሁን ስለ ቀለሜ ጉባኤ ተቀመጡ! ንዴቱ ሲብስብኝ አንድ ጣሳ ቲነር በእግሬ ጠልዤ ደፋሁ፤ ቤቱ እስካሁን ይሸታል።

ካርቶኗን አወረድኳት። አንቺ ልክ ነሽ፣ በሩ እኔን ተክቶ ሲናገር ነው የከረመው። ጋሼ ግን ቀላሉ ነበር። እትዬ እሑድ እመጣለሁ ብላለች። በሩ ደርቋል። አልቀባውም።


ቅዳሜ

አጭር ነው የምጽፈው፤ ረዳቱ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ዓርብ ግን ዓርብ ነው።

ለአጎትህ ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመሰላሉ አዝናለሁ። ሳቅሁም።

እህትህ እንደምትከብድህ አውቃለሁ። እናትህ ናት ብትል አልጣላህም። እኔ እናት እንዳይኖርህ አልፈለግሁም፤ በእኔ ወንበር ላይ ሰው የማታስቀምጥ እናት ትሁን ነው ያልኩት።

እሑድ የሚሆነውን እንደሆነው ጻፍልኝ። የሆነውን አውቄ ነው የምፈርመው ወይም የማልፈርመው።


እሑድ፣ እሷ እንደሄደች

ለባለቤቴ፣

ሰላምታውን ትቼዋለሁ።

መጣች። በመስኮት ሆኜ አየኋት፤ ቁልፉን ገና ከመንገዱ ማዶ ከመሀረቧ ፈትታ ይዛዋለች። በሩ ጋ ደርሳ አልገፋችውም። ጣቷን ሰደደችና ዳበሰችው፣ ጣቷን አየችው፣ አሸተተችው። «ደርቋል» አለች ለራሷ። ቁልፉን ልታስገባ ስትል እኔ ከውስጥ ከፈትኩት። መቃኖቹን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

«ምን ገተረህ? አሳልፈኝ እንጂ።»

«እትዬ፣ አትገቢም።»

«ደግሞ ቀባኸው?»

«አልቀባሁትም። ቀለሙ አይደለም የሚከለክልሽ፣ እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ዕድሜ ልኩን ሲቀልድ የኖረ ሰው መከራው ይኼ ነው፤ ቁም ነገር ሲናገር ሰዎች ጨርስና እንሳቅ ብለው ይጠብቁታል። ጠበቀች። አልጨረስኩላትም። ያኔ ፊቷ ተለወጠ።

«በዚህ ጀርባ አዝዬህ!»

«አዝለሽኛል።»

«ከአፌ ነጥቄ አጉርሼህ!»

«አጉርሰሽኛል። አልረሳሁም፣ አልረሳምም። ቁልፉን ስጪኝ።»

«እሷ ናት ይኼን ያስጠናችህ።»

«እትዬ፣ እኔ ማስጠናት የሚፈልግ ልጅ አይደለሁም። ሚስቴ ሐዘኗን ይዛ ከሆስፒታል ስትመጣ ወንበሯ ላይ ሌላ ሴት አስቀምጠሽ ጠበቅሻት። ያን ቀን ለእኔ ብለሽ አልነበረም፣ እኔን አልጠየቅሽኝም። ከእንግዲህ እሷ ሳትጠራሽ ይኼን ደጃፍ አትረግጪም። ስትናፍቂኝ እኔ እመጣለሁ፣ ስታመሚ እኔ አስታምምሻለሁ። ስለ ሚስቴ ካነሳሽ ግን ተነስቼ እወጣለሁ። መጋረጃዋንም አውርደሽ ላኪ።»

ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አልተናገርኩትም። ሁለት ቦታ ድምፄ ተሰብሯል፤ «ወንበሯ» ላይና «አስታምምሻለሁ» ላይ። በትከሻዋ ገፋችኝ። አልተነቃነቅሁም። ወፍራም ሴት ናት፣ ታውቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ መሰላል የለመድኩ ቀጭን ነኝ፤ ግን አልተነቃነቅሁም። ባለሱቁ በሱቁ መስኮት አንገቱን አስግጎ ነበር።

ጉልበቷን ሲያማት እንደምታደርገው ወገቧን ያዘች። እጇን ይዤ ላስቀምጣት ምን ያህል እንደፈለግሁ አትጠይቂኝ። መቃኑን አልለቀቅሁም። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። «በድያታለሁ በላት» አለች። ቀስ ብላ መንገዱን ተሻገረች፣ ዞር ብላ አላየችኝም።

እንግዲህ ይኼ ነው። ቁልፉ አሁን በኪሴ ነው። መጋረጃው አልመጣም፤ ይመጣል ብዬም አልምልልሽም። በሩ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፣ የማትወጂው ቀለም ነው፤ መጥተሽ የምትፈልጊውን ትነግሪኛለሽ፣ ወይም ሳትመጪ በደብዳቤ ትነግሪኛለሽ፣ ወይም ምንም አትነግሪኝም። ዓርብ የምታደርጊው ያንቺ ነው። ብትፈርሚም ባትፈርሚም ቁልፉን አልመልስላትም።

ባልሽ

ደብዳቤውን አሽጌ ልሰጠው ረዳቱ ጋ ደርሼ፣ ተመልሼ ከፈትኩት። «እንደሆነው ጻፍልኝ» ብለሻል። የቀረው ሁሉ፣ ቁልፉም፣ «ወንበሯ» ላይ የተሰበረው ድምፄም፣ እውነት ነው። አንዷን ቃል ግን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ያቺን ቃል ሰምተሽ ልብሽ እንዲራራ ብዬ ነው፤ ደግሞም እትዬ አንቺ ፊት እንዲህ ሆና እንድትቀር አልፈለግሁም። እትዬ «በድያታለሁ» አላለችም። ያለችው «ስሞት እንዳትቀብረኝ» ነው። እኔም ቁልፉን ከደረጃው አንስቼ በሩን ዘጋሁ።